ሻወሩ ሲደክም አስቀድማችሁ ውሃውን ጠይቁ

ከቤት ዕቃ ሁሉ የሻወር ራስን ያህል ብዙ እየሠራ ጥቂት የሚመሰገን አይገኝም። በደኅናው ቀን ማንም ቀና ብሎ አያየውም፤ የደከመ ዕለት ግን ረጋሚው ብዙ ነው። ጧት ወደ ቢሮው ወይም ወደ ትምህርት ቤቱ የሚቸኩል ሰው ገላውን በሳሙና ከቀባ በኋላ፤ ከዚያ ሁሉ ቀዳዳ ውሃው በሦስቱ ብቻ፤ ያውም አንዱ ወደ ግድግዳው፣ አንዱ ወደ በሩ፣ አንዱ ወደ ዐይኑ እየተረጨ ቢመጣበት፤ ወዲያው ፍርዱን ይሰጣል። «ይህ ዕቃ ተበላሽቷል፤ አዲስ መግዛት ነው» ይላል።

ይህ ግን ምስክር ሳይሰማ የተሰጠ ፍርድ ነው። ተራ የሻወር ራስ የሚሽከረከር ሞተር የለውም፤ የሚያልቅ ዘይትም የለውም። አንድ ጉሮሮ፣ አንድ የጎማ ቀለበትና አንድ ወንፊት ነው። እንዲህ ያለ ዕቃ ወድቆ ካልተሰነጠቀ በቀር አብዛኛውን ጊዜ ይደፈናል እንጂ አይበላሽም፤ የተደፈነ ነገር ደግሞ ይጸዳል። ከዚህም በቀር ተከሳሹ ፈጽሞ ንጹሕ ሆኖ ጥፋቱ የቧንቧው፣ የመዝጊያው ወይም የውሃው የራሱ የሚሆንበት ጊዜ አለ። በዚህን ጊዜ አዲስ ራስ ገዝቶ የሰቀለ ሰው ገንዘቡን ካወጣ በኋላ ያንኑ ቀጭን ውሃ እንደገና ያገኘዋል።

በወር ደመወዝ ለሚኖር ጀማሪ ሠራተኛ፤ ወይም ከጓደኞቹ ጋር አንድ ቤት ተከራይቶ ለሚማር ተማሪ፤ ይህ ቀላል ነገር አይደለም። የዕቃው ዋጋ አለ፤ የቧንቧ ሠራተኛው የእጅ ዋጋ አለ፤ የአከራዩም ዐይን አለ። ከሁሉ የሚብሰው ግን፤ ሳያውቁ በጉልበት ሲታገሉ በግድግዳ ውስጥ ያለውን ቧንቧ መስበር፤ ወይም ሳያስተውሉ ኤሌክትሪክና መርዘኛ አየር ላይ መውደቅ ነው። ስለዚህ በዛሬው ዓምዳችን ሻወር እንዴት እንደሚመረመር፣ እንዴት እንደሚጸዳ፣ የትኛው ደግሞ ፈጽሞ መነካት እንደማይገባው እንነጋገራለን።

ውሃው የደከመው ከየት ላይ ነው?

ምርመራው ሦስት ጥያቄ ብቻ አለው፤ መልሱንም የሚሰጠው ውሃው ራሱ ነው።

1ኛ፤ በዚያው ቤት ያለውን ሌላ ቧንቧ፤ የእጅ መታጠቢያውን ወይም የወጥ ቤቱን፤ ክፈቱ። እዚያም ውሃው ቀጭን ከሆነ ሻወሩን አትክሰሱት። ምናልባት ፈረቃው ያለቀበት ሰዓት ይሆናል፤ ምናልባት በቆጣሪው አጠገብ ያለው መዝጊያ በግማሽ ብቻ ተከፍቶ ይሆናል፤ ወይም ታንከሩ ጐድሎ ይሆናል። ጐረቤት ጠይቁ፤ መዝጊያውንም እዩ።

2ኛ፤ ቦይለር ባለበት ቤት ቀዝቃዛውንና ሙቁን ለየብቻ ክፈቱ። ቀዝቃዛው በብርቱ እየወረደ ሙቁ ብቻ የሚንጠባጠብ ከሆነ፤ ችግሩ ያለው በማሞቂያው መንገድ ላይ ነው። ሁለቱም በእኩል የደከሙ እንደ ሆነ ግን ወደ ሦስተኛው ጥያቄ እለፉ።

3ኛ፤ የሻወሩን ራስ ከቧንቧው ፍቱና ውሃውን ለጥቂት ጊዜ ክፈቱት። ከባዶው ቧንቧ ውሃው እየገፋ ቢወርድ፤ እነሆ ጥፋተኛው በእጃችሁ ላይ ነው፤ ራሱ ተደፍኗል። ባዶው ቧንቧም እንደ ቀድሞው የሚያንጠባጥብ ከሆነ ግን ራሱ ነጻ ነው፤ መዝጊያው ወይም ከኋላ ያለው ቧንቧ ሊመረመር ይገባዋል። ከሱቅ ሄዶ ዕቃ መግዛት የሚገባ ቢሆን እንኳ ከዚህ ምርመራ በኋላ እንጂ በፊት አይደለም።

በዚህ ላይ አንድ ነገር እንጨምር። በብዙ ቤት ውሃው የሚመጣው ሮቶ ከምንለው በማማ ወይም በጣራ ላይ ከተቀመጠ ታንከር ነው። እንዲህ ያለው ውሃ የሚወርደው በከፍታው ብቻ ነው። ከላይ የቆመ ውሃ በ10 ሜትር ከፍታ የሚሰጠው ግፊት 1 ባር ያህል ነው፤ በሌላ አነጋገር ታንከሩ ከሻወሩ ራስ 2 ሜትር ብቻ ከፍ ብሎ ቢቀመጥ ግፊቱ የ1 ባር አንድ አምስተኛ ይሆናል ማለት ነው። በእንዲህ ያለ ቤት የሻወሩ ውሃ ለስላሳ ቢሆን የተፈጥሮ ሕግ ነው እንጂ ብልሽት አይደለም። ስለዚህ ራሱን ስትገዙ ቀዳዳው እጅግ የጠበበውንና ለብርቱ ግፊት የተሠራውን ትታችሁ ሰፋ ያለ ቀዳዳ ያለውን ምረጡ።

ድንጋይ ከውሃ እንዴት ይወለዳል?

አባቶቻችን ጠብታ ውሃ ድንጋይ ይበሳል ይሉ ነበር። እውነት ነው፤ ነገር ግን ጠብታ ውሃ ድንጋይ ይወልዳል ቢባልም እውነት ነው።

በባሌ የሚገኘውን የሶፍ ዑመርን ዋሻ በሥዕልም ቢሆን ያላየ አንባቢ ጥቂት ነው። ከ15 ኪሎ ሜትር የማያንሰውን ያን ዋሻ በኖራ ድንጋይ ውስጥ የቀረጸው የዌብ ወንዝ ነው። ውሃ ከአየርና ከአፈር ካርቦን ዳይኦክሳይድ የተባለውን ጋዝ ሲቀበል በጥቂቱ ይኮመጥጣል፤ የኮመጠጠውም ውሃ የኖራን ድንጋይ ቀስ በቀስ ያሟሟዋል። የሟሟው ድንጋይ በዐይን አይታይም፤ ከውሃው ጋር ይጓዛል። ውሃው ሲሞቅ ወይም ሲተንን ግን ያ ጋዝ አምልጦ ይሄዳል፤ የሟሟውም ድንጋይ ወደ ጥንት ጠባዩ ተመልሶ ባለበት ይረጋል። በቡና ማንቆርቆሪያ ሥር የምታዩት ነጭ ቅርፊትና በሻወር ወንፊት ላይ የሚጋገረው ነጭ ነገር አንድ ናቸው፤ ሁለቱም ካልሲየም ካርቦኔት ይባላሉ። ውሃው አብዝቶ ሲሞቅ የበለጠ ስለሚረጋ፤ ቦይለር ያለው ቤት ቶሎ ቶሎ ይቸገራል።

የአገራችን ውሃ በዚህ ረገድ አንድ ዐይነት አይደለም። ድሬዳዋና መቀሌ የኖራ ድንጋይ ባለበት ምድር ላይ የተመሠረቱ ከተሞች ስለሆኑ፤ ከጕድጓድ የሚወጣው ውሃቸው ብዙ ኖራ ይዞ ይመጣል። በእነዚህ ከተሞች የኖረ ሰው የማንቆርቆሪያን ቅርፊት መፈግፈግ ያውቃል። በአዲስ አበባ ደግሞ ከገፈርሳ፣ ከለገዳዲና ከድሬ ግድቦች የሚመጣው የዝናብና የወንዝ ውሃ ለስላሳ ሲሆን፤ በአቃቂ በኩል ከከርሠ ምድር የሚሳበው ግን ከዚያ ይልቅ ማዕድን ይበዛበታል። ስለዚህ የወዳጃችሁ ሻወር ዓመት ሳይጸዳ ቢቆይ፤ የእናንተ በሦስት ወር ቢደፈን አትደነቁ።

ሁለተኛው ደፋኝ ድንጋይ ሳይሆን አሸዋና ዝገት ነው። ውሃ ሄዶ በተመለሰ ጊዜ በቧንቧው ውስጥ ረግቶ የነበረው ዝቃጭ ይነሣና ከመጀመሪያው ውሃ ጋር ቡናማ ሆኖ ይመጣል። በዚያን ሰዓት ሻወር የከፈተ ሰው ያን ሁሉ ወደ ወንፊቱ ይሰበስበዋል። መድኃኒቱ ቀላል ነው፤ ውሃ ሲመጣ አስቀድማችሁ የታችኛውን ቧንቧ ክፈቱ፤ ባልዲ አስቀምጡና የደፈረሰውን ለመጸዳጃ ቤት አቆዩት፤ ውሃው ከጠራ በኋላ ሻወሩን ክፈቱ።

ሦስተኛው በወንፊቱ ውስጥ የሚገኝ የሚያዳልጥ ነገር ነው። ይህ የረቂቅ ሕያዋን መኖሪያ ነው። በ2009 እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በአሜሪካ የኮሎራዶ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በ9 ከተሞች የሚገኙ የሻወር ራሶችን መርምረው፤ ከእነዚህ ረቂቃን አንዳንዶቹ ሳንባ ለደከመ ሰው የማይስማሙ ዐይነቶች መሆናቸውን ገልጸዋል። ጤነኛ ሰው የሚያስፈራው ነገር የለም። ይሁን እንጂ በቤታችሁ የሳንባ ሕመምተኛ ወይም የደከሙ አዛውንት ካሉ የሻወርን ራስ ማጽዳት ለጤናም ይጠቅማል። ከረጅም ጕዞ ስትመለሱም ሻወሩን ከፍታችሁ ራቅ ብላችሁ ቁሙ፤ የቆመው ውሃ ጥቂት ደቂቃ ይውረድ፤ ከዚያ በኋላ ታጠቡ።

አፈታቱና አስተጣጠቡ

የሚያስፈልጋችሁ ዕቃ ይህ ነው፤ አንድ ጠርሙስ አቼቶ ወይም አራት አምስት ሎሚ፣ አንድ ሳህን፣ ያረጀ የጥርስ ብሩሽ፣ ጥቂት ስቴኪኒ፣ ጨርቅ፣ ፒንሳ ወይም የሚሰፋና የሚጠብ መፍቻ፣ እንዲሁም ከሕንጻ መሣሪያ ሱቅ የሚገኝ ነጭ የቴፍሎን ጥቅል። ቤቱ የኪራይ እንደ ሆነ ከመጀመራችሁ በፊት ለአከራያችሁ ንገሩ። «ሻወሩ ስለ ተደፈነ ላጸዳው ነው» የምትል አንዲት ቃል ኋላ ከሚመጣ ብዙ ክርክር ታድናለች።

በመጀመሪያ ውሃውን ዝጉ። ወለሉ ላይ ያለውን የፍሳሽ ቀዳዳ በጨርቅ ክደኑ፤ ብዙ ትናንሽ የጎማ ቀለበት በዚያ በኩል ጠፍታለችና። ከዚያም ራሱን በእጃችሁ ለመፍታት ሞክሩ። ከታች ወደ ላይ ስታዩት ሰዓት ከሚዞርበት በተቃራኒ ሲዞር ይፈታል። በእጅ እምቢ ካለ ማሰሪያውን በጨርቅ ጠቅልላችሁ በመፍቻ ያዙት፤ ጨርቁ ብረቱ እንዳይፋቅ ይጠብቀዋል። በዚህ ጊዜ በሌላው እጃችሁ ከግድግዳ የወጣውን ቧንቧ አጥብቃችሁ ያዙ። እርሱ አብሮ የዞረ እንደ ሆነ በግድግዳው ውስጥ ያለው መጋጠሚያ ይላቀቃል፤ ያን ጊዜ ሥራው የአንድ ሰዓት መሆኑ ይቀርና ሴራሚክ ማፍረስ ይሆናል። ስለዚህ አልፈታ ካለ አትታገሉ፤ ሌላ መንገድ አለ፤ ወዲያው እንነግራችኋለን።

ራሱ ከተፈታ በኋላ ጉሮሮውን እዩ። እዚያ የጎማ ቀለበትና ብዙ ጊዜም ትንሽ ወንፊት ይገኛል። አሸዋውና ዝገቱ የሚጠራቀመው በዚህ ላይ ስለሆነ አውጥታችሁ በብሩሽ እጠቡት። አንዳንድ ጊዜ በሽታው ይኸው ብቻ ሆኖ ይገኛል። ቀለበቱ ለስላሳ ከሆነ መልሱት፤ የደረቀና የተሰነጠቀ ከሆነ ግን አሮጌውን ለመለኪያ ይዛችሁ ሄዳችሁ አዲስ ግዙ።

ከዚህ ቀጥሎ ራሱን በሳህን አስቀምጣችሁ ወንፊቱ እስኪሰጥም ድረስ አቼቶ አፍሱበት። የሎሚ ጭማቂ በለብታ ውሃ ቢሆንም ይሠራል። ትናንሽ አረፋ ሲወጣ ታያላችሁ፤ ይህም ኮምጣጣው ኖራውን እያሟሟው፤ በውስጡ ታስሮ የነበረው ያ ጋዝ እየተለቀቀ መሆኑን ያስረዳል። ዋሻውን የቀረጸው ሥራ በሳህናችሁ ላይ በፍጥነት ይደገማል ማለት ነው። አንድ ሰዓት ያህል ይቆይ፤ ቅርፊቱ ወፍራም ከሆነ አቼቶውን ለውጡና አንድ ሰዓት ጨምሩለት። ወርቅማ ወይም ጥቁር ቀለም የተቀባውን ግን ብዙ አታቆዩት፤ ኮምጣጣው ቀለሙን ይጐዳዋል።

ከዚያም በብሩሽ ፈትጉት። ቀዳዳዎቹ ለስላሳ የጎማ ጡት ያላቸው ከሆኑ በአውራ ጣት እየጫናችሁ እሹአቸው፤ ኖራው እየተሰበረ ይወጣል። ቀዳዳው ብረት ወይም ደረቅ ፕላስቲክ ከሆነ በስቴኪኒ አንድ በአንድ ክፈቱ። መርፌ ወይም ሚስማር አታግቡበት፤ ቀዳዳውን ስለሚያሰፋውና ስለሚያጣምመው ውሃው ከዚያ በኋላ ለዘወትር ወደ ጎን ይረጫል። በመጨረሻ በንጹሕ ውሃ አለቅልቁት።

አልፈታ ያለውስ? በጠንካራ ፌስታል ውስጥ አቼቶ አፍሱና ራሱ በውስጡ እንዲጠልቅ አድርጋችሁ ከላይ በክር እሰሩት። ከአንድ ሰዓት በኋላ ፈትታችሁ ፈትጉትና ውሃውን ልቀቁት። ጉሮሮውን ማየት ባይቻልም ለወንፊቱ በቂ ነው።

ስትመልሱት በቧንቧው ጫፍ ጥርስ ላይ ያለውን አሮጌ ቴፍሎን ጥረጉ። ጫፉን ፊት ለፊት እያያችሁ ሰዓት በሚዞርበት አቅጣጫ አዲሱን አራት አምስት ጊዜ ጠበቅ አድርጋችሁ ጠምጥሙ፤ በተቃራኒው የተጠመጠመ ራሱ ሲገባ ይፈታል። ከዚያ ራሱን በእጅ አጥብቁ፤ በመፍቻ የምትጨምሩት ከሩብ ዙር አይለፍ። ውሃውን ክፈቱ። ከመጋጠሚያው የሚያፈስ ካለ ቀለበቱ ጠምሞ ይሆናልና እንደገና ፍቱና አስተካክሉት።

ሌሊቱን ሙሉ የሚያንጠባጥብስ?

ሻወሩን ከዘጋችሁ በኋላ ለጥቂት ደቂቃ ቢያንጠባጥብ በራሱ ውስጥ የቀረው ውሃ ስለሆነ አያሳስብም። ሌሊቱን ሙሉ ካንጠባጠበ ግን ጥፋተኛው ራሱ አይደለም፤ ታች ያለው መዝጊያ ነው። እየዞረ በሚዘጋው ዐይነት ውስጥ ያለው የጎማ ክብ ተበልቷል ማለት ነው። ዋናውን የውሃ መዝጊያ ዘግታችሁ፤ በቧንቧው የቀረውን አፍስሳችሁ፤ እጀታውን በካቻቢቴ ፈትታችሁ ያን ጎማ መለወጥ ይቻላል። በአንድ እጀታ ወደ ላይና ወደ ታች የሚሠራው ዐይነት ግን በውስጡ ያለው ክፍል ሙሉውን ይለወጣል፤ መጠኑም ልዩ ልዩ ስለሆነ አሮጌውን ሳትይዙ ወደ ሱቅ አትሂዱ።

ነጠብጣብን መናቅ አይገባም። ከሥሩ ብርጭቆ አስቀምጡና ሰዓት ያዙ። በ1 ሰዓት ሩብ ሊትር ብቻ ቢሞላ፤ በቀን 6 ሊትር፣ በ30 ቀን 180 ሊትር ነው። ይህም ባለ 20 ሊትር ጀሪካን 9 ጊዜ መሙላት ማለት ነው። ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር 9 ጀሪካን ምን እንደሚያወጣ ለእናንተ አንነግራችሁም። ውሃው ከቦይለር ሞቆ የሚንጠባጠብ ከሆነ ደግሞ የመብራቱም ሂሳብ አብሮ ይንጠባጠባል።

ፈጽሞ የማይደረጉ

አንደኛ፤ አቼቶንና በረኪናን አትቀላቅሉ። አንዳንድ ሰው «ሁለቱ ሲሆኑ የበለጠ ያጸዳሉ» ይላል። የሁለቱ ድብልቅ ክሎሪን የተባለውን መርዘኛ ጋዝ ያወጣል፤ በጠባብ መታጠቢያ ቤት ውስጥ ደግሞ ሳንባን በብርቱ ይጐዳል። ዕለቱን በረኪና ያፈሰሳችሁበትን ቦታ በብዙ ውሃ ሳታለቀልቁ ኮምጣጣ አታምጡበት። ሳታስቡት ከተደባለቀ ወዲያው ወደ ውጭ ውጡ።

ሁለተኛ፤ በውስጡ የኤሌክትሪክ ማሞቂያ ያለውን የሻወር ራስ አትፍቱት። ይህ ዐይነት በ220 ቮልት የሚሠራ ሲሆን ብዙውን ጊዜ ከኤሌክትሪክ የእንጀራ ምጣድ የበለጠ ኀይል ይስባል። በርጥብ ወለል ላይ በባዶ እግር ለቆመ ሰው ስሕተቱ ሁለተኛ ዕድል አይሰጥም። ወንፊቱን ከውጭ ለመጥረግ ብቻ እንኳ አስቀድማችሁ ብሬከሩን አውርዱ፤ በራሱ ላይ ያለውን ማጥፊያ ብቻ አትመኑ። ገላችሁን ስትታጠቡ ነዘር ካደረጋችሁ፤ ጥቂት ነው ብላችሁ አትለፉት። እዚያው አቁሙ፤ ብሬከሩን አውርዱ፤ የመሬት ሽቦው መታሰሩን የሚመረምር የኤሌክትሪክ ባለሙያ ሳያየው ማንም እንዳይታጠብበት ለቤተ ሰቡም ለጐረቤቱም ንገሩ። ለባለሙያ የሚከፈለው ገንዘብ የሚገባው እዚህ ላይ ነው።

ሦስተኛ፤ ደጋግመን እንናገራለን፤ ከግድግዳ የወጣን ቧንቧ በጉልበት አትጠምዝዙ።

እንግዲህ ውድ አንባቢዎች፤ ነገሩ ሁሉ ሲጠቃለል አንዲት የዕረፍት ቀን ከሰዓት በኋላና አንድ ጠርሙስ አቼቶ ነው። የቀለም ትምህርት የተማረ ሰው መፍቻ ሲይዝ ማፈር አይገባውም፤ የማያውቀውን ለባለሙያ ሲተውም እንዲሁ። በጋራ ግቢ የምትኖሩ ከሆነ በወር አንድ ቀን ወስናችሁ ተራ በተራ አጽዱት፤ የሁሉም የሆነ ዕቃ የማንም ሳይሆን የሚደፈነው ተራ ስለሌለው ነውና። ደግሞም ነገ ሌላ ነገር በቤታችሁ ሲደክም፤ መብራቱ ቢሆን፣ ምድጃው ቢሆን፤ «ተበላሽቷል» ከማለታችሁ በፊት የቆመው ከየት ላይ እንደሆነ በቅደም ተከተል ጠይቁ። በደኅና ታጠቡ።